ኤርፖድ ከመግዛታችሁ በፊት፦ እውነተኛው፣ ፎርጅዱ እና ሦስተኛው መንገድ

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ለዕረፍት ስትመጣ ለታናሽ እህቷ ኤርፖድስ ፕሮ፣ ማለትም የአፕልን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ፣ ይዛላት መጣች። ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ ቀንሳ የገዛችው ነው። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ ዋስትናም አለው» ብሎ ከእውነተኛው ዋጋ ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ገንዘብ ተቀብሏታል። ሳጥኑ በስስ ፕላስቲክ የታሸገ፣ ጽሑፉ የጠራ፣ የኬዙ (ማዳመጫው የሚቀመጥበትና ቻርጅ የሚደረግበት ማኅደር) ክዳን ሲዘጋ የሚያሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ እንኳ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ቡና እየተፈላ፣ ቤተሰቡ ዙሪያዬን ተቀምጦ፣ ለሙከራ ከእኔ አይፎን ጋር አገናኘሁት። የማዳመጫው ሥዕል ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ልጅቷ ተነሥታ እህቷን አቀፈቻት። ከሥዕሉ ቀጥሎ ግን ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ እነዚህ ማዳመጫዎች እውነተኛ ኤርፖድስ መሆናቸውን ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል። ማንም ሳያነበው ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት በማግስቱ፣ ብቻዋን ሳገኛት ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እርሷ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ሱቅ ለሚገባ ሰው ነው። ፎርጅዱ ርካሽ ሆኖ፣ በራሱ ስም ቢሸጥ ኖሮ ምንም አልልም ነበር። በቻይናዋ ሸንዘን ከተማ፣ ኋቺያንግቤይ በሚባለው ሰፊ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ በኩል ወደ ዓለም የሚሠራጩት አስመስሎ የተሠሩ ኤርፖዶች ተከፍተው ሲታዩ ውስጣቸው የሚገኘው ብዙ ጊዜ እንደ ኤሮሃ እና ጂዬሊ ያሉ ኩባንያዎች የሚያመርቱት የብሉቱዝ ቺፕ ነው። ቺፑ በራሱ ሐሰተኛ አይደለም። በራሳቸው ስም የሚሸጡ፣ ዋጋቸው የማይጎዳ ብዙ ማዳመጫዎችም የሚሠሩት በእነዚሁ ኩባንያዎች ቺፖች ነው። ሐሰቱ ያለው ልብሱ ላይ ነው፤ ገዢውም ትርፉን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ ልብስ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል ለዚህ ዕቃ የተነገረ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከፊታችሁ ያሉት ምርጫዎች አራት ናቸው፦ አዲስ እውነተኛ፣ ያገለገለ እውነተኛ፣ ፎርጅድ፣ እና በራሱ ስም የሚሸጥ የሌላ ኩባንያ ማዳመጫ። ሻጮች አራተኛውን ብዙም አያነሱትም፤ የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ደግሞ አንድ አድርገው ያቀርቡላችኋል።

መጀመሪያ የያዛችሁትን ስልክ ተመልከቱ

ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ ኤርፖድ አትግዙ። እውነተኛውንም ቢሆን። ኤርፖድ ከአንድሮይድ ጋር እንደ ማንኛውም የብሉቱዝ ማዳመጫ ይገናኛል፤ ሙዚቃ ያሰማል፣ ስልክ ያነጋግራል። ነገር ግን ከጆሮ ሲወጣ ሙዚቃውን የማቆሙ ነገር ይቀራል፣ ማስተካከያዎቹ በስልኩ ላይ አይታዩም፣ የውስጥ ሶፍትዌሩ የሚታደሰውም በአፕል መሣሪያ በኩል ነው። ስለዚህ 249 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ገዝታችሁ የምትጠቀሙት በግማሹ ነው። ከዚህም በላይ አንድሮይድ ስልክ የዕቃውን ማንነት ሊነግራችሁ ስለማይችል ፎርጅድ ሻጮች ከማንም በላይ የሚወዱት ገዢ የአንድሮይድ ባለቤት ነው። ለእናንተ የሚሆነው ወደ መጨረሻው «ሦስተኛው መንገድ» ያልኩት፣ በራሱ ስም የሚሸጠው የሌላ ኩባንያ ማዳመጫ ነው፤ ቸኩላችሁ ከሆነ ወደዚያ ዝለሉ።

አይፎን ካላችሁ ቀጥሉ። አንድሮይድ ይዛችሁ አይፎን ላለው ሰው ስጦታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አይፎን ያለው ጓደኛ ሳትይዙ ሱቅ አትግቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው በዚያ ስልክ ነው።

ስልኩ የሚናገረውና የማይናገረው

ሻጩ በመጀመሪያ የሚያሳያችሁ ክዳኑ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለውን ሥዕል ነው። «ይኸው፣ አይፎኑ ራሱ አወቀው» ይላል። ይህ ማስረጃ አይደለም። ሥዕሉ የሚወጣው ኬዙ በብሉቱዝ አጭር የማስታወቂያ መልእክት ስለሚልክ ነው፤ ያንን መልእክት ማንኛውም ርካሽ ቺፕ አስመስሎ ሊልከው ይችላል። ሥዕሉ የባትሪውን መጠን በመቶኛ ማሳየቱም ለውጥ አያመጣም፤ እርሱም የመልእክቱ አካል ነው።

አይኦኤስ 16 ከተባለው የአይፎን ሶፍትዌር ጀምሮ ግን አይፎን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ማዳመጫው ሲገናኝ እውነተኛነቱን ለማረጋገጥ ይሞክራል፤ ካልቻለ በአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያው ከወጣ ክርክሩ አልቋል። ሻጩ «ስልክህ ስላልታደሰ ነው» ወይም «የዱባይ ስሪት ስለሆነ ነው» ቢላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። አለመውጣቱ ግን ብቻውን አያጽናናችሁ፤ ስልኩ ከአይኦኤስ 16 በፊት የነበረ ሶፍትዌር ላይ ከሆነ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለውም። አንዳንድ ሻጮች ለማሳያ አሮጌ አይፎን ማስቀመጣቸው ለዚህ ይመቻቸዋል። በራሳችሁ ስልክ ይሁን።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ማዳመጫው ተገናኝቶ እያለ ስሙ ከላይ አካባቢ ይታያል፤ እርሱን ስትነኩት ጫጫታ ማጥፊያው፣ የጆሮ ጎማ ልክ ምርመራው፣ የጣት ትእዛዞቹ ይዘረዘራሉ። ወደ ታች ስትወርዱ የሞዴል ስም፣ የሞዴል ቁጥር፣ ሲሪያል ቁጥር እና የሶፍትዌር ስሪት ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሳጥኑ ፕሮ 2 እያለ ስልኩ የመጀመሪያው ፕሮ ነው ካለ አንዱ ውሸታም ነው። ሲሪያል ቁጥሩን በጣታችሁ ስትነኩት ደግሞ በየተራ ሦስት ቁጥሮች ያሳያችኋል፤ የኬዙ፣ የግራው እና የቀኙ። በእውነተኛው ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ወይም ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ያ ትልቅ ምልክት ነው።

ሲሪያል ቁጥሩን በአፕል የዋስትና ማረጋገጫ ገጽ ላይ ማስገባት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ምክር ነው። ጠቃሚ ነው፤ ሰዎች በሚያምኑት መጠን ግን አይደለም። አስመሳዮቹ ከአንድ እውነተኛ ዕቃ ላይ ቁጥር ወስደው በብዙ ሺህ ኬዞች ላይ ማተም አይከብዳቸውም። ስለዚህ ገጹ ቁጥሩን አላውቀውም ካለ ዕቃው ፎርጅድ ነው፤ አውቀዋለሁ ካለ ገና ምንም አልተረጋገጠም። የሚረዳው አንድ ነገር አለ፤ ገጹ የሚነግራችሁን ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ። «ዛሬ የተከፈተ አዲስ» የተባላችሁት ዕቃ ዋስትናው ከሁለት ዓመት በፊት ያለቀ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይ ቁጥሩ የተሰረቀ ነው ወይ ዕቃው አሮጌ ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የታተመው፣ በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው እና ስልኩ የሚያሳየው የኬዝ ቁጥርም አንድ መሆን አለባቸው።

የሶፍትዌር ስሪቱ ቀስ ብሎ የሚናገር ምስክር ነው። እውነተኛ ኤርፖድ ኬዙ ውስጥ ሆኖ ቻርጅ እየተደረገ ከአይፎኑ አጠገብ ሲቆይ ራሱን ያድሳል። ፎርጅዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ከፋብሪካ የተጻፈበት ነው፤ ዓመት ሙሉ ያው ይሆናል። በሱቅ ውስጥ የሚረዳችሁ ባይሆንም ቤት ውስጥ ስላለው ዕቃ ጥርጣሬ ካላችሁ ይህን ተመልከቱ።

ታክሲ ተራ ላይ የሚደረግ ፈተና

ከሁሉም በላይ የማምነው ፈተና ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልብሱን ሳይሆን ሥራውን ስለሚመረምር። ሱቁ መገናኛ አካባቢ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ካልሆነም ሞተራቸውን ያላጠፉ ሚኒባሶች የሚቆሙበት ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ ሩቅ አይደለም። ሻጩን «በር ላይ ልሞክረው» በሉት።

ጫጫታ ማጥፊያ የሚሠራው እንዲህ ነው። በማዳመጫው ውጫዊ ገጽ ያለ ማይክሮፎን የሞተሩን ጉምጉምታ ይሰማል፤ ቺፑ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ሠርቶ ወደ ጆሯችሁ ይለቃል፤ ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ ይጣፋሉ። በውስጥ በኩል ያለ ሌላ ማይክሮፎን ደግሞ የተረፈውን እየሰማ ያስተካክላል። በ2019 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው ፕሮ ይህን ማስተካከያ በሰከንድ 200 ጊዜ ያደርጋል። ይህ ሥራ ጥሩ ማይክሮፎን፣ ፈጣን ቺፕ እና በጥንቃቄ የተለካ ቅርጽ ይጠይቃል። ፎርጅዱ የሚወድቀውም እዚህ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ሰዎች ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ዓለም ጸጥ ስትል «ሠራ!» ማለታቸው ነው። ያንን ጸጥታ ያመጣው ጎማው ነው። ጆሮን በጣት መድፈን ማለት ነው። እውነተኛው ፈተና ማዳመጫው ጆሮ ላይ እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በስልኩ ላይ ሦስቱን ሁኔታዎች መቀያየር ነው፦ ማጥፊያው የተዘጋበት፣ ማጥፊያው የበራበት፣ እና የውጭውን ድምፅ የሚያስገባው ትራንስፓረንሲ። በእውነተኛው ላይ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ማጥፊያው ሲበራ የሞተሩ ጉምጉምታ ከሥር እንደሚጎተት ምንጣፍ ይጠፋል፤ የረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ግን ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይሰማል፤ ማጥፊያው የሚበረታው በማይለዋወጥ ወፍራም ድምፅ ላይ ነውና። ትራንስፓረንሲ ሲሆን ደግሞ ጆሯችሁ ላይ ምንም የሌለ እስኪመስላችሁ ድረስ የራሳችሁ ድምፅ ተፈጥሯዊ ይሆናል። በፎርጅዱ ላይ ስልኩ ላይ ያለው ምልክት ይቀየራል፣ ጆሯችሁ ውስጥ ግን የሚቀየረው ትንሽ ነው፤ ወይም ትራንስፓረንሲው የ«ሽ» ድምፅ ይዞ፣ ከጣሳ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ይመጣል። የተሻሉት ፎርጅዶች ጥቂት ጉምጉምታ ይቀንሳሉ፤ እውነተኛውን አንድ ጊዜ የሞከረ ጆሮ ግን አይታለልም። ከቻላችሁ ጓደኛችሁ ያለውን እውነተኛ ይዛችሁ ሂዱና አንዱን ከሌላው ጋር አወዳድሩ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም።

እግረ መንገዳችሁን የጆሮ ጎማ ልክ ምርመራውን ሞክሩ። አንዱን ማዳመጫ ሆን ብላችሁ በግማሽ አውጥታችሁ አስጀምሩት። እውነተኛው በውስጥ ማይክሮፎኑ ድምፁ ሲያመልጥ ስለሚሰማ አስተካክል ይላችኋል። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ወይ ምርመራውን አይጀምርም፣ ወይ እጃችሁ ላይ ይዛችሁት እንኳ «ልክ ነው» ይላል።

ሌላው ፈተና ዳሳሹ ነው። ሁለቱም ዓይነቶች ከጆሮ ሲወጡ ሙዚቃ ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ማቆሙን ብቻ አትዩ። ፕሮ 2 ቆዳን ከሌላ ነገር የሚለይ ዳሳሽ አለው። ሙዚቃ እየተጫወተ አውጡትና ሲያቆም ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ደፍታችሁ አስቀምጡት፣ ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት። እውነተኛው ጸጥ ይላል። ብርሃን ሲጨልምበት ጆሮ ውስጥ የገባ የሚመስለው ርካሽ ዳሳሽ ግን ሙዚቃውን እንደገና ያስጀምራል። የመጀመሪያው ፕሮ የቆየ ዓይነት ዳሳሽ ስላለው በእርሱ ላይ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ፊልም ስትከፍቱ ደግሞ ጭንቅላታችሁን አዙሩ። ጭንቅላት የሚከታተለው የድምፅ አሠራር በርቶ እያለ ፊታችሁን ወደ ቀኝ ስታዞሩ የተዋናዩ ድምፅ ስልኩ ባለበት ይቀራል፤ ወደ ግራ ጆሯችሁ ይሄዳል። አብዛኞቹ ፎርጅዶች ይህን የሚሠራ ዳሳሽ የላቸውም፤ ድምፁ ከጭንቅላታችሁ ጋር አብሮ ይዞራል።

በመጨረሻም ለአንድ ሰው ደውሉ፣ ከዚያው ከታክሲ ተራው። «እንዴት እሰማለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎርጅዶች ብዙ ጊዜ የባለቤታቸውን ድምፅ ከመኪናው ጋር ቀላቅለው ነው የሚልኩት።

በሙዚቃ ጥራት ብቻ እንዳትፈርዱ ግን አደራ እላለሁ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ፎርጅዶቹ ወፍራሙን ድምፅ ከመጠን በላይ ከፍ አድርገው ነው የሚሠሩት፤ ሻጩም የሚያሰማችሁ ከበሮ የሚደልቅበት ዘፈን ነው። በእኔ ልማድ የምሞክረው ክራር ወይም ማሲንቆ ብቻውን በሚሰማበት ቅጂ ነው። የማሲንቆው ደጋን ከጭራው ጋር ሲፋተግ ያለው ሻካራነት፣ የክራሩ እያንዳንዱ ክር ለብቻው መሰማቱ፣ ከዚያም በመካከል ያለው ጸጥታ። ወፍራም ድምፅ የሚሸፍነው ነገር ሲጠፋ የማዳመጫው ማንነት ይወጣል።

ዓይንና ሚዛን

ሳጥን መመርመር የምወደው ሥራ አይደለም፤ አስመሳዮቹ ከሁሉ የተሻሉበት ይህ ነውና። የፊደል ግድፈት፣ የተጣመመ ጽሑፍ፣ የላላ ማጠፊያ ካያችሁ ጥሩ፣ ጊዜ ቆጥባችኋል። ካላያችሁ ግን ምንም አልተረዳችሁም። በ2020 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ የጉምሩክ ባለሥልጣናት በኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ 2,000 የሚሆኑ ሐሰተኛ ኤርፖዶችን ያዝን ብለው ፎቶ አሠራጩ፤ በፎቶው ላይ ያለው ሳጥን ግን ዋንፕላስ የተባለው ኩባንያ በራሱ ስም የሚሸጠው ማዳመጫ ነበር። በሙያው የተሰማሩ ሰዎች በመልክ ብቻ እንዲህ ከተከራከሩ እኛ በሱቅ መብራት ሥር ምን ያህል እርግጠኛ እንሆናለን?

መልክን ሳይሆን የአሠራር ልዩነትን የሚያሳዩ ጥቂት ምልክቶች ግን አሉ፤ እነርሱን ያዙ። በ2024 የወጣው ኤርፖድስ 4 እና በ2025 የወጣው ፕሮ 3 ኬዛቸው ከጀርባ ክብ ቁልፍ የለውም፤ የሚገናኙት የኬዙን ፊት በጣት በመምታት ነው። «ፕሮ 3» ተብሎ ጀርባው ላይ ቁልፍ ያለው ኬዝ ካያችሁ ሌላ ፈተና አያስፈልግም። የሁለቱም ሳጥን ውስጥ የቻርጅ ገመድ የለም፤ ገመድ ከተጨመረበት «የተሟላ ነው» ብላችሁ አትደሰቱ። ኤርፖድስ 4 የጆሮ ጎማ የለውም። ፕሮ 2 ሲወጣ በ2022 ላይትኒንግ የተባለው የአፕል የቀድሞ የቻርጅ ቀዳዳ ነበረው፣ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ታይፕ-ሲ ሆኗል፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ፕሮ 3 ግን በላይትኒንግ ወጥቶ አያውቅም።

የጆሮ ጎማውን ንቀሉት። በፕሮ ላይ ጎማው ሞላላ የሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፤ ሲገባ ቦታው ላይ መግባቱ በእጅ ይታወቃል። ተራ ክብ ቱቦ ላይ የተጎተተ ስስ ላስቲክ ከሆነ ተጠራጠሩ። በማዳመጫው ላይ ያሉትን ጥቁር ቀዳዳዎችም በብርሃን ተመልከቱ፤ እውነተኛ የብረት ወንፊት ናቸው ወይስ የተቀባ ፕላስቲክ?

ሚዛን ደግሞ አይዋሽም። የፕሮ 2 አንዱ ማዳመጫ 5.3 ግራም፣ ኬዙ 50.8 ግራም ይመዝናል። የወርቅ ቤት ሚዛን ይህን በቀላሉ ያነብባል፤ ትንንሾቹ ዲጂታል ሚዛኖችም እንዲሁ። አንዳንድ አስመሳዮች ኬዙን ለማክበድ ብረት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ከኬዙ ይልቅ ማዳመጫውን መዝኑ፣ ግራና ቀኙንም ለየብቻ።

ሳምሰንግ ከሆነ

የጋላክሲ በድስ ፎርጅድም ገበያውን ሞልቶታል፤ መለያው ግን ቀላል ነው። ጋላክሲ ዌረብል የተባለውን የሳምሰንግ መተግበሪያ አውርዱና ማዳመጫውን በእርሱ በኩል አገናኙ። እውነተኛው በስሙ ተለይቶ፣ የግራውንና የቀኙን ባትሪ ለየብቻ እያሳየ፣ ጫጫታ ማጥፊያውን እያስተካከለ ይከፈታል። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ በተራው የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ ብቻ ይታያል፤ መተግበሪያው አይቀበለውም። ሻጩ «በብሉቱዝ በቀጥታ ይሻላል» ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሳምሰንግ ስልክ ላላቸው ከኤርፖድ ይልቅ ይህ የተሻለ ግዢ ነው።

አዲስ ወይስ ያገለገለ

አፕል በኢትዮጵያ የራሱ ሱቅ የለውም። ስለዚህ አዲስ እውነተኛ ኤርፖድ ወደ እኛ የሚደርሰው በአስመጪ ወይም በሰው ሻንጣ ነው። ዱባይ ወይም አቡ ዳቢ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ በዱባይ ሞል ወይም በሞል ኦቭ ዘ ኤሚሬትስ ካለው የአፕል ሱቅ እንዲገዛ ንገሩት፤ ደረሰኙንም አብሮ ይላክ። «ከዱባይ የመጣ» የሚለው ቃል ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። የአክስቴ ልጅም የገዛችው ከዱባይ ነው።

ያገለገለ እውነተኛ ለብዙ ሰው ብልህ ምርጫ ይመስላል፤ እኔ ግን የማበረታታው በጥንቃቄ ነው። ችግሩ ባትሪው ነው። የኤርፖድ ባትሪ ትንሽ ነው፣ በሙጫ የታሸገ ነው፣ ሲያረጅ እንደ ስልክ ባትሪ በአቅራቢያ ባለ ጠጋኝ አይቀየርም። ፕሮ 2 አዲስ ሲሆን ጫጫታ ማጥፊያው በርቶ እስከ 6 ሰዓት ያሰማል። ስለዚህ ሙሉ ከተሞላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብታዳምጡበት ከ10 በመቶ ያልበለጠ መቀነስ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ 25 ወይም 30 በመቶ ከወረደ የቀረው ዕድሜ አጭር ነው። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት፤ ሻይ ጠጡበት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ስትገናኙ ስልኩ ማዳመጫው ከሌላ ሰው የአፕል አካውንት ጋር የተያያዘ ነው ካላችሁ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ ፋይንድ ማይ ከተባለው የአፕል የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ ያስወግደው። የራሱ ከሆነ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው። ካልቻለ ዕቃው የማን እንደሆነ አታውቁም፤ ምናልባት ታክሲ ውስጥ የወደቀበት ልጅ አሁንም እየፈለገው ይሆናል። ሦስተኛው፣ ያገለገለ ዕቃ ላይ ድብልቅ ይበዛል፤ አንድ ጆሮው እውነተኛ፣ ሌላው ወይም ኬዙ ፎርጅድ። ቀደም ብዬ ያነሳኋቸው ሦስቱ ሲሪያል ቁጥሮች እዚህ ላይ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋሉ።

ሦስተኛው መንገድ

ጥሩ ፎርጅድ ለመግዛት የምታወጡት ገንዘብ፣ በተለይ ሻጮች «ማስተር ኮፒ» የሚሉት፣ ከታወቀ ኩባንያ ሐቀኛ ማዳመጫ ይገዛል። የሻኦሚው ሬድሚ በድስ፣ የአንከሩ ሳውንድኮር፣ ጄቢኤል፣ ኪውሲዋይ፤ እንዲሁም ቴክኖን፣ ኢንፊኒክስንና አይቴልን የሚያመርተው ትራንሽን የሚሠራው ኦራይሞ በከተማችን ሱቆች በቀላሉ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚሠራ ጫጫታ ማጥፊያ አላቸው፤ ብዙዎቹም በአንድሮይድ ላይ የሚከፈት የራሳቸው መተግበሪያ አላቸው፤ ሶፍትዌራቸው ይታደሳል። ከሁሉም በላይ ኩባንያው ስሙን ዕቃው ላይ ስለጻፈ ባትሪው ቢያብጥ ወይም ቢግል የሚጠየቅ አለ። ፎርጅዱን ማን እንደሠራው ግን ሻጩ ራሱ አያውቅም።

የሚያጡት ነገር አለ? አዎ። የምርቱ ምልክት። እንደ ኤርፖድ ከአይፎን፣ ከአይፓድና ከኮምፒውተር መካከል በራሳቸው አይዘዋወሩም። ትራንስፓረንሲያቸውም የኤርፖድን ያህል ተፈጥሯዊ አይሆንም። ይህን የምጽፈው በቅንነት ነው፤ እውነተኛው ፕሮ በእርግጥ ድንቅ ዕቃ ነው፣ አቅሙ ላለው አይፎን ተጠቃሚ ገንዘቡ የሚገባው ነው። ነገር ግን በእውነተኛውና በሐቀኛው ርካሽ መካከል ያለው ርቀት፣ በሐቀኛው ርካሽና በፎርጅዱ መካከል ካለው ያንሳል።

እነዚህም ፎርጅድ አላቸው። በአንዳንድ የሻኦሚ ዕቃዎች ሳጥን ላይ ተፍቆ የሚነበብ ባለ20 አሃዝ ኮድ አለ፤ በኩባንያው ገጽ ላይ ስታስገቡት እውነተኛነቱን፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተጠየቀም ይነግራችኋል። የተፋቀ ሳጥን አትቀበሉ።

ለአይፎን ተጠቃሚ ገንዘቡ ካልደረሰ ደግሞ ባለ ገመድ ማዳመጫ አትናቁ። እስከ አይፎን 14 ላለው በላይትኒንግ፣ ከ15 ጀምሮ በታይፕ-ሲ የሚሰካ ኦርጅናል ማዳመጫ ከማንኛውም ፎርጅድ ኤርፖድ የተሻለ ይሰማል፣ ቻርጅም አይፈልግም።

ሱቅ ውስጥ

ዋጋ ስትሰሙ በዶላር አስቡ። የአፕል ይፋዊ ዋጋ ለፕሮ 3 249 ዶላር፣ ለተራው ኤርፖድስ 4 129 ዶላር ነው፤ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዙት። አዲስ የተባለ ዕቃ ከዚህ በግማሽ ከቀነሰ እውነተኛ ሊሆን የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ዋጋው መወደዱ ግን እውነተኛ አያደርገውም፤ በሙሉ ዋጋ የተሸጠ ፎርጅድ ከሁሉ የከፋው ነው።

ሻጩ ሳጥኑን ሳትከፍቱ እንድትከፍሉ ከጠየቀ አትስማሙ። «ከተከፈተ አዲስ አይባልም» ማለቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «ከፍቼ ሞክሬ እውነተኛ ከሆነ እገዛለሁ፣ ካልሆነ አልከፍልም» በሉት። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ ይስማማል። ደረሰኝ ላይ «ኤርፖድ» ብቻ ሳይሆን የሞዴሉ ስምና ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ፤ «እውነተኛ» የሚለው ቃልም። በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ገንዘብ አትላኩ፤ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኝታችሁ፣ አይታችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ።

ፎርጅድ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ስክሪን ፎቶ አንሡና ወደ ሻጩ ተመለሱ። ካልመለሰላችሁና ልትጠቀሙበት ከወሰናችሁ ሌሊት ትራስ አጠገብ ቻርጅ አድርጋችሁ አትተኙ። ኬዙ ሲግል ወይም ክዳኑ ከባትሪው እብጠት የተነሣ አልገጥም ሲል መጠቀም አቁሙ። ለሌላ ሰው ኦርጅናል ብላችሁ አትሽጡት።

የአክስቴ ልጅ ወደ ዱባይ ከተመለሰች ከወራት በኋላ ከአንድ ሱቅ ውስጥ በቪዲዮ ደወለችልኝ። «ይኸው፣ ፕሮ 3 ነው የሚለው፤ ሳጥኑም ታሽጓል፤ ሰውየው ክፈቺው ብሎ ፈቅዶልኛል» አለችኝ። ኬዙን አዙሪልኝ አልኳት። አዞረችው። ከጀርባው፣ ከማጠፊያው በታች፣ ትንሽ ክብ ቁልፍ ነበረው።

«ይቅርብሽ» አልኳት።